ለሸራ ጀልባ ታብሌት ላይ የትኛውን የባሕር ካርታ አፕ ልጫን? (ቼሳፒክ ቤይ)

ሳውዝ ሪቨር
ሰላም ቤተሰብ፣ እንደምን ከረማችሁ። ሜሪላንድ፣ ከአናፖሊስ ዝቅ ብሎ ሳውዝ ሪቨር ላይ የምትቆም 27 ጫማ ያገለገለች የሸራ ጀልባ ከገዛሁ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ኪሏ (ከሆዷ ሥር የወጣው ክንፍ) ውሃ ውስጥ 4 ጫማ ይገባል። እስካሁን የምወጣው ከወንዙ አፍ እስከ ቶማስ ፖይንት የመብራት ማማ ድረስ ነው። ቀይ ጣሪያውን እያየሁ ሄጄ መለስ እላለሁ፣ ካርታ አላስፈለገኝም። በሚቀጥለው ወር ግን ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ይዤ ቤዩን (የቼሳፒክን ሰላጤ) ተሻግሬ ሴንት ማይክልስ ማደር አስቤያለሁ።

ከጀልባዋ ጋር የመጣው ፕሎተር (የባሕር ካርታ ማሳያ መሣሪያ) ስክሪኑ ደብዝዟል፣ ውስጡ ያለው ካርታም የድሮ ነው። አዲስ ልግዛ ስል ዋጋው ከበደኝ። ቤት ውስጥ ልጆቹ የሚጫወቱበት አይፓድ ስላለ እሱ ላይ አፕ ልጫን ብዬ መፈለግ ስጀምር ደግሞ ብዛቱ ግራ አጋባኝ፦ ናቪዮኒክስ፣ አኳ ማፕ፣ ሲ-ማፕ፣ ቲዜድ አይቦት፣ ኦርካ፣ ሳቪ ናቪ። እናንተ የትኛውን ትጠቀማላችሁ? ለምን? ቤተሰብ ይዤ ስለምወጣ በግምት መሄድ አልፈልግም።

መልሕቅ 70
እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። የአፑን ጉዳይ ለጊዜው አቆየውና አንድ ነገር ንገረኝ። አይፓዱ ሲም ካርድ የሚቀበል ነው ወይስ ዋይፋይ ብቻ?

ሳውዝ ሪቨር
ዋይፋይ ብቻ ነው ጋሼ። ቤት ሆኜ ስሞክረው ግን ያለሁበትን ሰፈር በትክክል አሳይቶኛል። ችግር አለው?

መልሕቅ 70
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዋይፋይ ብቻ የሆነ አይፓድ የጂፒኤስ ቺፕ የለውም። ቤትህ ቦታህን ያሳየህ በዙሪያህ ያሉትን የዋይፋይ መረቦች አይቶ ገምቶ ነው። ከማሪናው ወጥተህ ትንሽ ስትርቅ የሚገምትበት ነገር ያጣና ጀልባህ ካርታው ላይ ባለችበት ተገትራ ትቀራለች። አንተ ግን እየሄድክ ነህ።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ሲም የሚቀበለውን አይፓድ ያገለገለ ፈልጎ መግዛት። ሲሙን ማስገባትም ሆነ ወርሃዊ መክፈል አያስፈልግህም፤ ቺፑ ውስጡ ስላለ ያለ ሲምም ከሳተላይት ይቀበላል። ሁለተኛው በብሉቱዝ የሚገናኝ የውጭ ጂፒኤስ መቀበያ መግዛት ነው፣ ባድ ኤልፍ ወይም የጋርሚን ግሎ ዓይነት። የክብሪት ሳጥን አከል ነገር ናት፣ ኮክፒት ውስጥ (መሪውን ይዘህ የምትቀመጥበት) ሰማይ በሚታይበት ቦታ ትቀመጣለች። አንድሮይድ የሚመርጥ ካለ ደግሞ ዋይፋይ ብቻ ሆነው ጂፒኤስ ያላቸው ብዙ ታብሌቶች አሉ። ዝርዝራቸው ላይ ጂፒኤስ የሚለውን በዓይናችሁ ሳታዩ ግን ገንዘብ አትክፈሉ።

ወደ አፑ ስንመጣ፣ እኔ ቼሳፒክ ላይ መጀመሪያ የምከፍተው አኳ ማፕን ነው። አሜሪካ ውስጥ የባሕር ካርታ የሚሠራው ኖኣ የሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ኤሌክትሮኒክ ካርታውን በነፃ ይለቀዋል፣ በየሳምንቱም ያድሰዋል። አኳ ማፕ ያንኑ ካርታ ሳያወሳስብ ያሳየኛል፣ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች መተላለፊያዎች ላይ የሚለኩትንም ጥልቀት ደርቦ ያቀርብልኛል። የመልሕቅ ማንቂያውንም በጣም ነው የምወደው። ባለፈው መስከረም ሮድ ሪቨር ውስጥ መልሕቅ ጥዬ ተኝቼ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነፋሱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ዞረ። ታብሌቱ ጮኸ። ብድግ ብዬ ሳይ ስክሪኑ ላይ ጀልባዋ የሄደችበት መስመር ለማንቂያው ካሰመርኩት ክብ ወጥቶ ወደ ዳር ይዘልቃል። መልሕቁ ተነቅሎ ነበር። ከዳሩ የምርቀው ሁለት የጀልባ ቁመት ያህል ነው። ሞተር አስነስቼ ሌላ ቦታ ጣልኩ።

ናቪዮኒክስም አለኝ፣ በሁለተኛነት። ጥቅሙ ትናንሾቹ ገባሮች ውስጥ ነው። እዚያ የኖኣ ልኬት አንዳንዱ በጣም የቆየ ነው። ናቪዮኒክስ ሶናርቻርት የሚለው ካርታ ግን የጀልባ ባለቤቶች በራሳቸው ጥልቀት መለኪያ ከላኩት መረጃ የሚሠራ ስለሆነ ብዙ ዝርዝር አለው። ልኬቱ ከየትኛው ጀልባ፣ በምን ዓይነት የውሃ ከፍታ እንደመጣ አታውቅም። ስለዚህ እኔ እንደ ምስክር እሰማዋለሁ እንጂ ዳኛ አላደርገውም።

የሲያትሏ
ጋሼ ጥሩ ብለዋል። እኔ ከፑጀት ሳውንድ ነኝ፣ እዚህ ችግራችን ጥልቀት ሳይሆን የውሃው ፍሰት ነው። ዲሴፕሽን ፓስ ላይ ፍሰቱ 8 ኖት (በሰዓት 8 ኖቲካል ማይል) የሚደርስበት ጊዜ አለ፣ የእኔ ጀልባ በሞተር 5 ትሄዳለች። ስለዚህ እኔ አፕ የምመርጠው የፍሰቱን ትንበያ በሰዓት በሰዓት ካርታው ላይ በቀስት ማሳየት መቻሉን አይቼ ነው። አካባቢያችሁ የሚፈልገውን እዩ ለማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ዝናብ። የውሃ ጠብታ ስክሪኑ ላይ ሲያርፍ ታብሌቱ ጣት የነካው ይመስለዋል፣ ካርታው ይዘላል፣ ዙሙ ይቀያየራል። አይፓድ ላይ ጋይድድ አክሰስ የሚባል ማስተካከያ አለ፣ ንክኪውን ይቆልፍላችኋል። ቤት ተቀምጣችሁ ተለማመዱት። ማዕበል ውስጥ ሆኖ መፈለግ አይሆንም።

ሁለተኛ መኮንን
ሰላም ወገኖች። ባሕር ዳር ማሪታይም ተምሬ አሁን የጭነት መርከብ ላይ መኮንን ነኝ። እኛ የምንሠራበት ኤክዲስ (የመርከብ ኤሌክትሮኒክ ካርታ ማሳያ) ታብሌት አይደለም፣ የጸደቀ መሣሪያ ነው፤ የካርታው ጠባይ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከሥራዬ ሦስት ነገር ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ዙም ነው። የድሮው የወረቀት ካርታ ላይ የታተመው ሁሉ ሁልጊዜ ይታያል። የአሁኑ ቬክተር ካርታ ግን ስታርቁት ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ብሎ ዝርዝሩን ይደብቃል። ድንጋዩም አብሮ ሊደበቅ ይችላል። ኖቬምበር 29፣ 2014 በቮልቮ የዓለም ዙሪያ ውድድር ላይ ቬስታስ ዊንድ የተባለችው ጀልባ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ከሞሪሸስ ሰሜን ምሥራቅ ካርጋዶስ ካራሆስ የሚባል ሪፍ ላይ በሌሊት ወጥታ የተሰባበረችው በዚህ ነው። በዓለም የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው፣ መሣሪያቸውም ምርጥ ነበር። የሄዱበትን መስመር ግን በበቂ ሁኔታ አቅርበው አላዩትም፣ አርቀው ሲያዩት ደግሞ የአደጋው መጠን በግልጽ አይታይም ነበር። ዘጠኙም ሰዎች በሕይወት ወጥተዋል። ወንድሜ ሳውዝ ሪቨር፣ ሴንት ማይክልስ የምትሄድበትን መስመር ከመነሳትህ በፊት አንድ ቀን ተቀምጠህ ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትህ እየጎተትክ፣ አቅርበህ እየው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም።

ሁለተኛው፣ ካርታው ስለራሱ የሚነግርህን አንብብ። ኦፊሴላዊ ኤሌክትሮኒክ ካርታ እያንዳንዱ አካባቢ ምን ያህል ተጠንቶ እንደተለካ የሚገልጽ ደረጃ አለው፣ ካትዞክ እንለዋለን። ኤ1 ከሆነ ቦታው ከ5 ሜትር በላይ አይሳሳትም። ቢ ከሆነ እስከ 50 ሜትር፣ ሲ ከሆነ እስከ 500 ሜትር ሊሳሳት ይችላል። ጂፒኤስህ በ3 ሜትር ልክ ቢሆንም ድንጋዩ ካርታው ላይ ያለው በ500 ሜትር ግምት ከሆነ ስክሪኑ ላይ ጎን ለጎን ማየትህ ምንም ማለት አይደለም። አፕ ስትመርጥ ይህን ደረጃ የሚያሳይ መሆኑን እይ።

ሦስተኛውን እለምናችኋለሁ። መርከቦችን በኢንተርኔት በሚያሳይ አፕ ተማምናችሁ የመርከብ መንገድ አታቋርጡ። የኢንተርኔቱ መረጃ ይዘገያል። ወደ ባልቲሞር የሚወጣ መርከብ በ12 ኖት ቢሄድ በ10 ደቂቃ ውስጥ 2 ኖቲካል ማይል ይጓዛል። እናንተ የምታዩት የነበረበትን ነው። እኔ መርከቡ የሚመራበት ክፍል ላይ ሆኜ ትንሽ ሸራ ከፊቴ ስትገባ ማቆም አልችልም፣ የመርከቡ ርዝመት ራሱ ከፊቴ ያለውን ውሃ ይጋርደኛል። ከጀልባችሁ አንቴና በቀጥታ ተቀብሎ በዋይፋይ ወደ ታብሌት የሚልክ የኤአይኤስ (መርከቦች ያሉበትን በሬዲዮ የሚያሰራጩበት ሥርዓት) መቀበያ ግዙ። ካልሆነ በዓይናችሁ አይታችሁ ራቁን።

ሳውዝ ሪቨር
መኮንን ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዙሙ ነገር ደነገጥኩ፣ እኔ እስካሁን ቤዩን በሙሉ አንድ ስክሪን ላይ አድርጌ ነበር የማየው።

ቦሌ ልጅ
እኔ የደረሰብኝን ልንገርህ፣ እንዳይደርስብህ።

ናፕስ ናሮውስን ታውቀዋለህ? ቲልግማን ደሴት ጋ ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ ከቤዩ ወደ ቾፕታንክ ወንዝ የሚያሳልፈው። መግቢያው በአሸዋ ይደፈናል፣ አሸዋው ሲንቀሳቀስ ኮስት ጋርድ የምልክቶቹን ቦታ ይቀይራል። ከሁለት ዓመት በፊት አንዱን አፕ (ስሙን መጥራት አልፈልግም) መንገድ አውጣልኝ አልኩት። ሰከንድ አልፈጀበትም፣ ቆንጆ መስመር አሰመረልኝ። እኔም ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ መስመሩን ተከተልኩ። አረንጓዴው ምልክት በግራዬ መሆን ሲገባው በቀኜ ሲያልፍ አይቻለሁ። አይቼም ስክሪኑን አመንኩ። ወዲያው ጀልባዋ ፊት ለፊት እንደተገፋ ሰው ቆም አለች። ድምፅ የለውም፣ ጭቃና አሸዋ ነው። ባለቤቴ የያዘችው ቡና ተደፋ፣ ከዚያ ዝምታ። ጎታች ጀልባ እስኪመጣ ሦስት ሰዓት ጠበቅን፣ አንድም የምግብ ፍላጎት የነበረው ሰው አልነበረም።

በኋላ ሳየው ካርታውን ካደስኩት ስምንት ወር አልፎታል። አፑ ያሰመረው መስመር ድሮ ትክክል ነበር። ካርታው እንዳልታደሰ ሊነግረኝ ይገባ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ አዝናለሁ፣ ምልክቱን እያየሁ አልፌ መሄዴ ግን የራሴ ጥፋት ነው። አሁን ዘወትር ዓርብ ማታ ቤት ዋይፋይ ላይ ሆኜ አድሳለሁ። በማርች 26፣ 2024 ባልቲሞር የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይ በመርከብ ተመትቶ ሲወድቅ ብዙ ታብሌት ላይ ድልድዩ እንደቆመ ነበር። ለምን ቢባል ሰው አላደሰውም።

ስለዚህ አውቶማቲክ መንገዱን ለእቅድ ተጠቀምበት፣ ርቀትና ሰዓት ለማወቅ ጥሩ ነው። ውሃው ላይ ግን ምልክቱን ተከተል።

ሄርዝሊያ
ሻሎም ወንድሞች። ከእስራኤል ነው የምጽፈው፣ ሄርዝሊያ ማሪና። እናንተ ስለ ካርታው ታወራላችሁ፣ እኛ ደግሞ ጂፒኤሱ ራሱ የሚዋሽበት ጊዜ ገጥሞናል። በ2023 የጋዛው ጦርነት ከተጀመረ በኋላ ሲግናሉ ይታወክ ነበር። አንድ ቀን ከማሪናው ወጥቼ ወደ ደቡብ ስሄድ ታብሌቴ ላይ ያለችው ጀልባ ድንገት ዘልላ ቤይሩት አየር ማረፊያ ላይ አረፈች። አገር ሁሉ ስልኩ ላይ ይህን አይቷል፣ የታክሲ ሹፌሩም የዳቦ አከፋፋዩም። እንዲህ ሲዘል ጥሩ ነው፣ ውሸት መሆኑን ታውቃለህ። እኔን የሚያስፈራኝ በ300 ሜትር ብቻ ቢዋሽስ የሚለው ነው።

በዚያን ቀን የረዳኝ የእጅ ኮምፓስ ነው። ቴል አቪቭ የሬዲንግ የኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫ ከሩቅ ይታያል። በኮምፓሱ ወደሱ አነጣጥሬ አቅጣጫውን አነበብኩ፣ ከማሪናችን መግቢያ አቅጣጫ ጋር ካርታው ላይ አገናኘሁት፣ ያለሁበትን አወቅሁ። ጥልቀት መለኪያው ካርታው ከሚለው ጋር መግጠሙን አየሁ። አሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከአፑ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ያለ ኢንተርኔት ካርታው ይከፈታል? የኮምፓስ አቅጣጫ በእጄ ማስመር እችላለሁ? ጂፒኤሱ ሲጠፋ በግልጽ ይነግረኛል ወይስ የመጨረሻውን ቦታ ይዞ ዝም ይላል? የመጨረሻውን ለመፈተን ወደብ ላይ ሆናችሁ የቦታ ፈቃዱን አጥፉበትና እዩት።

ሌላው መለኪያ ነው። እኛ ጋ ሜትር ነው፣ እናንተ ጋ ጫማም ፋዞምም አለ። አንድ ፋዞም 6 ጫማ ነው። 2 የሚል ቁጥር ስታዩ ሁለት ምን እንደሆነ ማስተካከያው ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ።

ቦሌ ልጅ
ሄርዝሊያ፣ አይዟችሁ። ሰላሙን ያምጣላችሁ።

ሐይቅ ዳር
እኔ ግን ይሄ ሁሉ ለምን አስፈለገ እላለሁ። ኖኣ የሚያትመውን የወረቀት ካርታ ገዝቶ በእርሳስ መሥራት ነው። አባቶቻችን በታንኳ ጣናን ሲሻገሩ ባትሪ አልነበራቸውም።

መልሕቅ 70
ሐይቅ ዳር፣ ወረቀቱን እኔም እወደዋለሁ፣ ጀልባዬ ውስጥ አሁንም አለ። ነገር ግን ኖኣ ባህላዊውን የወረቀት ካርታ ማውጣት አቁሟል። 2019 ላይ አስታውቆ በ2024 መጨረሻ ነው ያጠናቀቀው። አሁን ከኤሌክትሮኒኩ ካርታ ላይ የምትፈልገውን አካባቢና ስፋት መርጠህ በነፃ አውርደህ የምታትምበት አገልግሎት አለው። ሳውዝ ሪቨር፣ ከቶማስ ፖይንት እስከ ሴንት ማይክልስ ያለውን አንድ ገጽ አድርገህ ማተሚያ ቤት በትልቁ አሳትመው። የጣናው ምሳሌ አይስማማኝም። እነዚያ ሰዎች የሚሻገሩትን ውሃ ከልጅነታቸው ጀምሮ በቃላቸው ያውቁታል። ሳውዝ ሪቨር ሴንት ማይክልስን አይቶት አያውቅም።

ሙቀቱንም ሳልናገር እንዳልረሳ። አይፓድ የተሠራው እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለሚደርስ አየር ነው። ሐምሌ ላይ ቼሳፒክ ፀሐዩ በቀጥታ ሲመታው መጀመሪያ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ ቻርጅ መቀበል ያቆማል፣ በመጨረሻ የሙቀት ምልክት አውጥቶ አልሠራም ይላል። ጥላ ሥር አስቀምጠው፣ ጥቁር ውሃ መከላከያ ሽፋን አታልብሰው። ለቻርጁ ከጀልባዋ ባትሪ ጠንከር ያለ ዩኤስቢ ሲ አስገባ። ደካማው የመኪና ቻርጀር ስክሪኑ በሙሉ ብርሃን ሲሠራ አይደርስበትም። ስልክህም ላይ ያንኑ አፕ ጭነህ ካርታውን አውርድ፣ ስልክህ ጂፒኤስ አለው። ሁለቱ ባንድ ጊዜ የመሞታቸው ነገር ጠባብ ነው።

ሳውዝ ሪቨር
ቤተሰብ፣ ደርሰን ተመለስን። እንዴት እንደነበረ ልንገራችሁ።

ሲም የሚቀበል ያገለገለ አይፓድ ገዛሁ፣ የልጆቹን ለልጆቹ ተውኩት። አኳ ማፕን በዋና፣ ናቪዮኒክስን በሙከራ ጊዜው ስልኬ ላይ ጫንኩ። ከስድስት ጫማ በታች ያለው ውሃ ሁሉ ጎልቶ እንዲታይ አደረግሁ። ሐሙስ ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቅርበን አየነው፣ መኮንን እንዳለው። ብለዲ ፖይንት ጋ ስንደርስ ልጄ «አባዬ፣ እዚህ ቁጥሩ ቀነሰ» አለኝ። አርቄ ሳየው የለም፣ ሳቀርበው አለ። መስመራችንን ከዳሩ ራቅ አደረግነው።

ስንሻገር አንድ ትልቅ መርከብ ከደቡብ መጣ። የኤአይኤስ መቀበያውን ገና አልገዛሁትም። ሸራውን ላላ አድርጌ ቆሜ አሳለፍኩት፣ ልጆቹ እጃቸውን አወዛወዙለት። ዝናብ አልነበረም፣ ግን ፀሐይ መነጽሬን አድርጌ ሳይ ስክሪኑ ጨለመብኝ። የተበላሸ መስሎኝ ነበር፣ ሳዞረው በራ። ፖላራይዝድ መነጽር ያለው ሰው ታብሌቱን ከመትከሉ በፊት በሁለቱም አቅጣጫ ይሞክረው። ሴንት ማይክልስ ሙዚየሙ ግቢ ውስጥ ያለውን የሁፐር ስትሬት መብራት ወጣን፣ ልጆቹ «ይሄ እኮ የኛው ቶማስ ፖይንት ነው» አሉ። እውነትም ሁለቱም ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች ናቸው።

አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። እሑድ ሌሊት ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ አድሮ ሰኞ ጠዋት ስንመለስ የራሴ ማሪና መግቢያ ላይ ኪሏ ጭቃ ነካ። ቀስ ብለን ስለነበር አለፍን። ሁለቱም አፕ እዚያ ቦታ 5 ጫማ ይላሉ፣ የባሕሩ ሙላት ሠንጠረዥም ውሃው ሙሉ ነው ይላል። ታዲያ የት ሄደ?

መልሕቅ 70
እንኳን በሰላም ገባችሁ! ውሃውን ነፋሱ ወሰደው። አናፖሊስ ላይ በሙላትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ጫማ ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ እኛ ጋ ከጨረቃ ይልቅ ነፋስ ነው የሚገዛው። ከሰሜን ምዕራብ ጠንክሮ ሲያድር የቤዩን ውሃ ወደ ደቡብ ይገፋውና ካርታው ዝቅተኛ ከሚለው በታች አንድ ጫማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል። ካርታው ላይ ያለው 5 ጫማ የተቆጠረው ከመደበኛው ዝቅተኛ ውሃ ነው። የባሕር ሙላት ሠንጠረዡ ደግሞ ነፋስን አያውቅም፣ አብዛኛው አፕም የሚያሳይህ ያንኑ ትንበያ ነው።

አናፖሊስ ላይ ኖኣ የውሃ ከፍታ ጣቢያ አለው። ድረ ገጹ ላይ የተተነበየውንና በእውነት የተለካውን ሁለት መስመር አድርጎ ጎን ለጎን ያሳይሃል። የተለካው መስመር ከዜሮው (ከመደበኛው ዝቅተኛ ውሃ) በታች ከሆነ ያንኑ ያህል ከካርታው ቁጥር ላይ ቀንስ። ቅዳሜ ደግሞ ሰሜን ምዕራብ ይነፍሳል እያሉ ነው፣ ልትወጣ ካሰብክ ጠዋት ገመዱን ከመፍታትህ በፊት እየው።

ሳውዝ ሪቨር
አሁን ከፍቼ አየሁት ጋሼ። ሰኞ ጠዋት የተለካው ከዜሮው በ1.3 ጫማ ዝቅ ብሏል።